የሚያለቅስ ሁሉ ኤ አለው

1.

— እንዴት ነበር?

— አለቀልኝ! ዜሮ ነው የማመጣው፣ ወላሂ! አንቺስ?

— እኔማ ስሜን ብቻ ነው በትክክል የጻፍኩት።

ከኬሚስትሪ ፈተና ስንወጣ ነው። ዜሮ የምታመጣዋ ኢክራም ናት፣ የዶርም ጓደኛዬ። ስሟን ብቻ የጻፈችው እኔ ነኝ፣ ብሩክታዊት።

ሁለታችንም ኤ አገኘን።

2.

ለማያውቅ ልንገር። በኛ ግቢ አንደኛ ዓመት ሲያልቅ ተማሪው የሚፈልገውን ትምህርት በቅደም ተከተል ይሞላል። ጥርስ ሕክምና፣ እኛ ዴንታል የምንለው፣ ያለው ሃያ ወንበር ነው። እሱን አንደኛ ብለሽ ሞልተሽ ውጤትሽ ካልደረሰ፣ ሁለተኛ ያልሽውንም ሌሎች አንደኛ ብለው ወስደውት ይጠብቁሻል። ስለዚህ ከመሙላትሽ በፊት ማወቅ ያለብሽ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ሰው ስንት አመጣ?

ማንም አይናገርም።

3.

አይናገርማ! ዓይን አለ እኮ። እናቴ ራሷ ደውላ ውጤቴን ከጠየቀችኝ በኋላ፣ «በይ ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ «ጥርስ ብቻ ነው እንዴ የምታክሚው? የቀረውን ሰውዬ ለማን ትተሽው?»

እማዬ የምትፈልገው ሙሉ ሐኪም ነው። እኔ ግን የጥርስ ሐኪሞች ትምህርት ቤታችን መጥተው አፌን በትንሿ መስታወት ካዩበት ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልታየኝም። ሰው ሲስቅ ዓይኔ ጥርሱ ላይ ነው። ቀልድ የማበዛውም ለዚሁ ነው።

4.

የሚናገር ሲጠፋ የራሴን መለኪያ ሠራሁ። አንቺም ተጠቀሚበት፦

«ደህና ነው» ያለ፣ ሲ። አያሳስብሽ።

«ተበላሸብኝ» ያለ፣ ቢ።

ምሳውን የተወ፣ ኤ ማይነስ።

ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያለቀሰ፣ ኤ።*

ኢክራም ተከናንባ አለቀሰች፣ ምሳዋንም ተወች፣ ጭራሽ «አገሬ እገባለሁ» ብላ ሻንጣ ማሰር ጀመረች። ለዚህኛው ደረጃ እንኳ አላበጀሁለትም ነበር።

*እኔስ ምን ያህል አለቀስኩ? እሱን አትጠይቂኝ።

5.

(ይቺን ክፍል አወጣኋት። ለራሴ እያዘንኩ የጻፍኳት ናት፤ አንቺ ምን አደረግሽኝ?)

6.

ኢክራምም የምትፈልገው ዴንታል ነው። የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ደግሞ ዴንታል የሚፈልገው ሁሉ እዬዬ ይላል። ወንበሩ ሃያ፣ አልቃሹ መቶ። በኔ መለኪያ ሁሉም ኤ አላቸው ማለት ነው።

ፈራሁ።

አንደኛ ምርጫዬን ፋርማሲ ብዬ ሞላሁ።

7.

ምርጫው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ የተማሪ ካፌ ሰልፍ ላይ፦

እኔ፦ ዴንታልን አንደኛ አደረግሽ አይደል? ይቅናሽ እንግዲህ።

ኢክራም፦ የምን ዴንታል? ነርሲንግ ሞላሁ እንጂ።

እኔ፦ ምን?!

ኢክራም፦ አንቺ እያለሽ? ሳምንቱን ሙሉ ስትነፈርቂ እየሰማሁ! እንዲህ የምታለቅስ ልጅ አራት ነጥብ ብታመጣ ነው ብዬ ተውኩልሽ።

እኔ፦ ኧረ በማርያም! ሦስት ነጥብ ስምንት ነው ያለኝ!

ኢክራም፦ ወላሂ በይ?

እኔ፦ እውነቴን ነው!

ኢክራም፦ የኔም እሷው ናት!

ትሪዬን የያዝኩ መስሎኝ ነበር። ሽሮው ወለሉ ላይ ተደፋ፣ እኛ እንስቃለን። ከኋላችን የተሰለፉት «አበዱ እንዴ?» ይባባላሉ።

8.

ሮጥን። ምርጫችንን ቀየርን። ሁለታችንም ጥርስ ሕክምናን አንደኛ አልን። ሁለታችን እንግባ፣ አንዳችን እንግባ፣ እሱን አናውቅም። ግን የሰው ለቅሶ አስፈራርቶን አልተውነውም። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ኢክራምን አቅፌ እስክትጮህ ጨመቅኳት።

9.

ወዲያው ግሩፑ ላይ አንዲት የማናውቃት ልጅ ጻፈች፦

«እህቶቼ፣ ሕልሜ ዴንታል ነው። 3.8 አለኝ። ሰዉ ሁሉ ግን አራት ነጥብ ነው ያመጣው ይባላል። ልሙላው ወይስ ልተወው? ሊዘጋ ነው፣ በናታችሁ እውነቱን ንገሩኝ።»

ማንም አልመለሰላትም።

ኢክራም አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ልጅቷ ብትተወው አንድ ተፎካካሪ ተቀነሰልን። ለዚያ ደግሞ ምንም መዋሸት አይጠበቅብንም፤ ዝም ካልን በቂ ነው።

«መልሺላት» አለች ኢክራም። ምን ብዬ እንደምመልስ ግን አልነገረችኝም።

ስልኬን አነሳሁ።

«ሰላም እህቴ፣ ብሩክታዊት እባላለሁ። እኔም ዴንታል ነው የሞላሁት። የኔ ውጤትም 3.8 ነው። አትተዪው፣ ሙይው።»