ባሩድ ማንንም አያስጠጋም

ውሻው ባሩድ ጥርሱን ገልጦ ሲያጉረመርም አሠልጣኙ መጀመሪያ ከቁጥቋጦው ውስጥ አውሬ የወጣ መሰለው። ከወደቀበት አንገቱን ሲያቀና ያየው አለቃውን ነው። ይህ ባለ ሰርተፍኬት ወጣት የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በመቀመጫው እየተንሸራተተ ቁልቁለቱን ይወርዳል። አምስት እርምጃ ሲቀረው ውሻው ተወረወረና የጃኬቱን እጅጌ ከክርኑ ጀምሮ ዘነጠለው።

"ተው ባሩድ፣ ተው" አለ አሠልጣኙ።

ውሻው አልተወም። ተመለሰና የአሠልጣኙን ደረት በአራት እግሩ መሀል አድርጎ ቆመ። ለሃጩ ፊቱ ላይ ይንጠባጠባል። ከቡችላነቱ ጀምሮ በእጁ ያሳደገው እንስሳ ቃሉን አልሰማ ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ለምን እንዳልሰማው ግን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ክው ያደረገውም ይኸው ነው።

ጉዞው የአለቃው ሐሳብ ነበር። የጥበቃ ውሻ በዓመት አንዴ ከግቢ ወጥቶ ሦስት ቀን ካልተራመደ አእምሮው ይዝጋል የሚል ነገር ከሆነ መጽሐፍ ላይ አገኘ፣ የጥበቃ ድርጅቱን አስፈቀደ፣ ሁለት ሰው ሁለት ውሻ ሆነው ተራራ ወጡ። "የኔ አእምሮ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲዝግ ማን ጠየቀኝ?" ብሏት ነበር አሠልጣኙ ባለቤቱን፣ ድንኳንና ብርድ ልብሱን ጀርባው ላይ ስታስርለት። ሃያ ኪሎ ተሸክሞ አየር መቀየር የት አገር ነው? ውሾቹ እንኳ ምግባቸውን እንደ አህያ ግራና ቀኝ ተጭነው ነበር። ሴቷ ውሻ፣ ቅቤ፣ ከአለቃው ኋላ ጭራዋን እየቆላች ስትሄድ ባሩድ ልክ እንደ አሳዳጊው ፊቱን አጥቁሮ ነው የተጓዘው። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጠጠሩ ከአሠልጣኙ እግር ሥር ከዳ። ከነሸክሙ ተንከባልሎ ታች ድንጋይ ላይ ሲያርፍ፣ ቀኝ እግሩ እንደ ደረቅ እንጨት ሲቀነጠስ በጆሮው ሰማው። አሁን የአጥንቱ ጫፍ ሱሪውን ቀዶ ይታያል።

"ጋሼ፣ እየደሙ ነው" አለ አለቃው ካለበት ሳይነቃነቅ። "ልሰርልዎት። ውሻውን ያዙልኝ።"

"እኔ ከወደቅኩ የሚይዘኝ እሱ ነው።"

እንዲህ አድርጎ ያሠለጠነው ራሱ ነበር። ጠባቂው ከወደቀ ባሩድ ላዩ ላይ ይቆማል፤ ማንንም አያስጠጋም። የወደቀው ሰው ቢለምነውም አይሰማም። ሌባው ቢላዋ አንገቱ ላይ አድርጎ "ውሻህን ያዝ" ቢለውስ? ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ከአምስተኛ ክፍል ያላለፈው ጭንቅላቱ ነው ያሰበው። ድርጅቱ የሚጠብቀው ወርቅ ቤት ትቶት ወደ ሌላ ያልሄደውም በዚህ ውሻ ምክንያት ነው። ማስለቀቂያ ግን አለው። ሌላ ሰው መጥቶ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጀርባውን ለውሻው መስጠት አለበት። ባሩድ ማጅራቱን አሽትቶት ከተመለሰ በኋላ በግ ነው። ይህን የሚያውቁት እሱና ባለቤቱ ብቻ ነበሩ፤ እሑድ እሑድ ምሳውን ይዛለት ትመጣና ሰው በሌለበት ግቢ ጀርባዋን ሰጥታ ታለማምድለታለች። ድርጅቱ ወንበሩን ስድስት ወር ለተማረው ለዚህ ልጅ ሰጥቶበታል። በቢሮው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶ እንኳ ከሱ የቀረው ውሻውን የያዘው ክንዱ ነው። ይህችን ማስለቀቂያ ግን አልሰጣቸውም። ይህችን የሰጠ ቀን በሩን እንደሚያሳዩት ያውቃል።

"ማስለቀቂያው ምንድን ነው ጋሼ?"

"የለውም።"

"አንድ ነገርማ ይኖረዋል።"

"የለውም አልኩህ አለቃ። ሰርተፍኬትህ ላይ ካለ ፈልገው።"

አለቃው አየው፣ አየውና ቦርሳውን ወረወረለት። ከጭኑ ላይ በቀበቶው አጥብቆ እንዲያስር ነገረው፤ ስልክ ስለማይሠራ የጫካ ጥበቃው ኬላ ድረስ ሮጦ እንደሚመለስም ነገረው። ከዚያ ቅቤን አስከትሎ ወደ ላይ ወጣ።

አሠልጣኙ ቀበቶውን አሰረ። ባሩድ ጣቶቹን ላሰለት። "ሲመለስ እነግረዋለሁ" አለ ለራሱ። ወዲያው ደግሞ፣ ምን ሲባል? በስብሰባ ላይ "ጋሼ ሪፖርት መጻፍ ስለማይችሉ" ያለው አፍ እኮ ይኸው ነው። ሰው ሁሉ ስቆ ነበር። ሲመለስ አልነግረውም። ጫማው በደም ሞልቶ መንቦጫረቅ ጀመረ፤ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ብርድ ብርድ አለው። እነግረዋለሁ። አልነግረውም።

ሲመለሱ ሁለት ነበሩ። የጫካ ጠባቂው ጠና ያለ ሰው ነው፤ ጠመንጃ ይዟል። ሊጠጋ ሲሞክር ባሩድ እስከ ጉልበቱ ደርሶበት ለጥቂት አመለጠ። ጠባቂው ከርቀት የአሠልጣኙን የነጣ ከንፈር አየ፣ ድንጋዩ ላይ የረጋውን ደም አየ።

"ይህ ሰው ጊዜ የለውም" አለ። "ከውሻና ከሰው አንዱን ምረጡ።"

ጥይቱን አቀባበለ። አሠልጣኙ አፉን ከፈተ። እልህ ይሁን የደሙ ማለቅ እሱም አያውቅም፤ ብቻ የሚፈልገው ቃል አልወጣ አለው፣ አፈሙዙም ወደ ባሩድ ግንባር ዞረ።

"አንድ ጊዜ" አለ አለቃው።

በአፈሙዙ ፊት አለፈ። ስድስት እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ፣ ዞረ፣ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለ። ጀርባውን ለውሻው ሰጠ። የተቀደደው እጅጌው ይርገበገባል።

አሠልጣኙ የሚያየውን ማመን አቃተው። ባሩድ ማጉረምረሙን አቋረጠ። ከደረቱ ላይ ወረደ፣ ቀስ ብሎ ሄደ፣ የአለቃውን ማጅራት አሸተተ። ከዚያ ተመለሰና ተኛ።

ጠባቂው ጥይቱን አወጣ። ምን ዓይነት አስማት ነው ብሎ ጠየቀ። አለቃው ተንበርክኮ ቁስሉን እየጠቀለለ ነበር።

"ማን ነገረህ?" አለ አሠልጣኙ። "እሷ ናት?"

"ማንም አልነገረኝ። እሑድ ቢሮ እገባ ነበር፤ በመስኮት አየኋችሁ።"

"መቼ?"

"ሁለት ዓመት ይሆነዋል።"

"ለነሱ ሳትነግራቸው?"

"ብነግራቸው እርስዎን ምን ያደርጉዎታል?"

"ታዲያ ቅድም ለምን አልተቀመጥክም?" አለ አሠልጣኙ። "ደሜ ሲፈስ እያየህ።"

"ፈራኋ ጋሼ። በመስኮት ማየትና ማጅራትን መስጠት አንድ ነው? እርስዎ 'ተቀመጥ' ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።"

ይህ ከስድብ የባሰ ነበር። ቢሰድበው መልሱን አዘጋጅቶ ሁለት ዓመት አስቀምጦለታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራውን በብልጠቱ ያቆየ መስሎት፣ ለካ ያቆየው የዚህ ልጅ ዝምታ ነው። በየማለዳው ሰላምታ የነፈገው ልጅ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ከእግሩ ይልቅ ፊቱ ነበር የሚያቃጥለው።

ከድንኳኑ ምሰሶና ሸራ ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሙት። ጠባቂው ቀዶ ሕክምና ስለማይቀርለት ውኃ እንኳ እንዳይቀምስ አስጠነቀቀው። አቀበቱን ጨርሰው አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሲያሳርፉት፣ አለቃው ላቡን ሳይጠርግ ለውሾቹ ውኃ ቀዳ። ቅቤ የራሷን ጭልጥ አደረገች። ባሩድ ምላሱን ጎልጉሎ እያለከለከ ሳህኑ አጠገብ ቆመ እንጂ አልነካውም።

"ታመመ እንዴ?" አለ አለቃው። ሳህኑን አስጠጋለት፣ ጣቱን ነክሮ አፍንጫውን አረጠበለት። ውሻው ፊቱን አዞረ።

"ይህን ሁሉ ሰዓት በዚህ ሙቀት ሳይጠጣ ቆይቶ?" አለ ጠባቂው። "ኬላው ሳይደርስ ይወድቃል።"

አሠልጣኙ አልታመመም ብሎ ሊናገር አሰበና ተወው። ሌቦች መርዝ እንዳያቀምሱት ሲል፣ ያዡ የሆነው ሰው ዓይኑ እያየ አስቀድሞ ካልቀመሰ ባሩድ ውኃ እንዳይነካ ያስተማረው እሱ ነው። ይህን ባለቤቱም አታውቅም፤ ከየትኛውም መስኮት አይታይም። ይህን ለአንድ ሰው ከነገረ፣ ከዚህ በኋላ የውሻው ያዥ ያ ሰው ነው። የባሩድን ጎን አየው፤ እንደ ወናፍ ይነፋል።

"ፊት አንተ ጠጣ" አለ።

"እኔ?"

"ከዚያው ከሱ ሳህን። እሱ እያየህ።"

አለቃው አልተከራከረም። በአራት እግሩ ተደፍቶ ከሳህኑ ተጎነጨ። ባሩድ ጆሮውን አቆመ፤ ዓይኑ ግን አሁንም ከቃሬዛው አልተነሳም፣ የለመደው ሰው እስኪጠጣ ይጠብቃል።

አሠልጣኙ ባሩድ ዓይኑን ወደ አለቃው እንዲያዞር ብርድ ልብሱን ስቦ ፊቱን ሸፈነ።