አባዬ የሞረደው ላሜራ

አባዬ የአሮጌውን ብረት መቅረጫ ቶርኖ ሞተር ቀይሮ፣ ፍጥነቱን እየጠመዘዙ የሚጨምሩበት አዲስ መቆጣጠሪያ ሲያስገባ አይሆንም ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። "ቁጥር የለውም እኮ! ብረቱ በደቂቃ ስንቴ እንደሚዞር በምን ታውቃለህ?"

"በጆሮዬ" አለኝ።

ድሮ እውነቱን ነበር። አዲሱ ሞተር ግን ድምፁ ሌላ ነው፤ የደንበኛውን የአብዱልፈታህን የጀልባ ዘንግ ሲሠራ መቁረጫውን ደጋግሞ ሰበረ። ያው እኔው ላይ መጣ! ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ ቴሌቪዥንና ሞባይል እጠግናለሁ፤ በአባዬ ቤት ገመድ ያለው ነገር ሁሉ የእኔ የሃሴት ሥራ ነው።

"የማሽኑ ዘንግ ላይ የሚታሰር ክብ ላሜራ ሥራልኝ፤ ዳሩን ስምንት ቦታ ሰንጥቀው። ስንጥቁ ባለፈ ቁጥር ሴንሰሩ ያየዋል፤ ፍጥነቱን ስክሪን ላይ እናነባለን" አልኩት። በሴጌቶ መጋዝ ቆርጦ፣ በሞረድ ሞርዶ ሰጠኝ። "ፋብሪካ የሠራው አይመስልም?" አለ እየተጀነነ።

አባዬ የሚፈራው ነገር አንድ ነው። ሙያውን ያስተማሩት ጋሽ ወንድሙ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ ሥራ አልተውም ብለው፣ ማሽኑ እጅጌያቸውን ጎትቶ ክንዳቸውን ወሰደው። ማሽኑን ሮጦ ያጠፋው አባዬ ነው። "እጄ መሳት ከጀመረ እንዳትሸፋፍኚልኝ። ንገሪኝ፤ ያን ቀን አቆማለሁ" ብሎ አስምሎኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳው ይሄ ማሽን ብቻ ነው። እኔም እንደ ዋዛ ማልኩለት።

መጀመሪያ በየሰከንዱ ስንት ስንጥቅ እንዳለፈ ቆጠርኩ። ወይ ጣጣ! ስምንት ስንጥቅ በጣም ጥቂት ነው፤ አንዷ ቀደም ወይ ዘግየት ካለች ቁጥሩ ይዘላል። አብዱልፈታህ በር ላይ ቆሞ፣ "ጋሽ ባህሩ፣ ይሄ የልጅዎ ማሽን ሎተሪ ነው እንዴ የሚያወጣው?" ሲል ደሜ ፈላ።

መቁጠሩን ተውኩና ከአንዱ ስንጥቅ እስከ ቀጣዩ ያለውን ጊዜ መለካት ጀመርኩ። አሁን ትንሿም ልዩነት ትታያለች። ቁጥሩ ግን ጭራሽ ባሰበት። ቀበቶውን ሰደብኩ፣ ሞተሩን ሰደብኩ፣ የሸጠልንን ሰውዬ ከነዘር ማንዘሩ ሰደብኩ።

አባዬ ምሳ ሊበላ ሲሄድ ስምንቱንም ለየብቻ አየኋቸው። ዝላዩ በየዙሩ ያው ነው፤ ማሽኑን ባፈጥነውም ባዘገየውም ያው። የማሽኑ ዘንግማ እኩል ነው የሚዞረው፤ ጥፋቱ ላሜራው ላይ መሆን አለበት። ላሜራውን ፈታሁና በራሱ በአባዬ ካሊፐር ለካሁት። የመጀመሪያዎቹ ስንጥቆች ልክ ናቸው። እየቆየ፣ እጁ እየደከመ ሲሄድ ግን አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ሸሽቷል፤ የመጨረሻው ከነጭራሹ ተጣሟል።

የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጁ መያዝ የጀመረው ትዝ አለኝ። ብርድ ነው ይለኝ ነበር፤ በሐዋሳ ሙቀት! እኔ ደንቆሮዋም አምኜው ነበር። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አዲስ ላሜራ ሌላ ቤት ባስቆርጥ ያውቅብኛል። ላሜራውን መልሼ አሰርኩትና ሰባቱን ስንጥቆች እንዳላየሁ አለፍኳቸው፤ አንዱ ስንጥቅ ብቻ ሄዶ ራሱ ተመልሶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ለካሁ። ሙሉ ዙር ስለሆነ የስንጥቆቹ መራራቅ ምንም አያመጣም። ቁጥሩ ቀጥ አለ።

አባዬ መጥቶ ስክሪኑን ሲያይ አጨበጨበ። "አላልኩሽም! ላሜራው ምንም እንከን አይወጣለትም! ምን ሆኖ ነበር ታዲያ?"

"ፕሮግራሙ ነው አባዬ። የእኔ ስህተት ነው።"

"ምኑን አስተካከልሽ?"

"አሁን የምለካው በአንዱ ብቻ ነው። እሱው ተመልሶ እስኪመጣ..." አልኩና ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። "ሌሎቹስ?"

ስክሪኑን በእጅጌዬ መወልወል ጀመርኩ።

"ሃስዬ፣ ሌሎቹን ለምን ተውሻቸው?"

"አባዬ፣ ሥራው እኮ ትክክል ነው አሁን። አታያትም ቁጥሯን? ደግሞ ቀላሉን ቀላሉን እየሠራህ፣ እኔም አጠገብህ እየሆንኩ—"

"ምለሽልኝ ነበር" አለኝ። ቢቆጣኝ በወደድኩ።

የአብዱልፈታህ ዘንግ ማሽኑ ላይ ታስሮ ይዞር ነበር፤ ግማሹ አልቆ፣ ግማሹ ገና። አባዬ ማጥፊያውን ተጫነው። ሁለታችንም ስክሪኑን እያየን ቆምን። ቁጥሩ ሳይዘል ሳይዛባ ቁልቁል ወረደ፤ ከዚያ ዜሮ ሆነ።

"በደንብ ለክተሻል" አለ።

ከዚያ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። "እስቲ ያዥው" አለኝ። በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት፤ እንዲያም ሆኖ መንቀጥቀጡን አላቆመም።