የሙሉካ ሁለተኛ ምስክርነት

ሙሉካ አንድ ነገር ከአፉ ከወጣ ወዲያ መመለስ የማይሆንለት ሰው ነው። በጪጩ ቀበሌ ውስጥ በድንበር ጭቅጭቅም ሆነ በሠርግ ቀጠሮ፣ "ሙሉካ ብሏል" ከተባለ አለቀ። ሚስቱ ፀጋ በዚህ ጠባዩ ስትኮራበትም ስትማረርበትም ኖራለች።

ታዲያ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ወጥቶ፣ "ጌታ ከደም ግፊት ፈውሶኛል! ጤና ጣቢያ ተለክቼ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ ኪኒኑንም ትቻለሁ" ሲል ጉባኤው በእልልታ ተናጠ። ፀጋም አብራ እልል አለች። የምር ደስ ብሏት ነበር። ግፊቱ የወረደው ኪኒኑን ሳያቋርጥ ስለዋጠ መሆኑ ለእሷም አልታያትም።

የቡና ለቀማው ሲያልቅ፣ "ምን አሞኝ ነው የምትጎትቺኝ?" እያለ፣ ፀጋ ለማንኛውም ይለካ ብላ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ማርቲ ቶሎ አልለካችውም።

"ጋሼ፣ ዳገት ወጥተው ነው የመጡት። ጀርባዎን ደገፍ፣ እግርዎን መሬት አድርገው ትንሽ ይረፉ።"

ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ ለካችው፤ ቆይታ ደግማ ለካችው። መቶ ዘጠና በመቶ አስር።

"እኔ እኮ ደህና ነኝ" አለ ሙሉካ።

"ግፊት ክፋቱ እሱ ነው ጋሼ። ሳያሳምም ልብና ኩላሊት ይጎዳል፤ ሰውን ድንገት ሽባ ያደርጋል። ያኔም መድኃኒቱ ይዞልዎት እንጂ አልጠፋም ነበር። ሲወርድ ይቀጥላሉ እንጂ አይተዉም።"

ሙሉካ መድኃኒቱን ተቀበለ። ግን መድረክ ላይ የተናገረውን ምን ያድርገው? በየማለዳው ጓሮ እንሰቱ ውስጥ እየገባ ተሸሽጎ መዋጥ ጀመረ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሲጋራ እንደሚያጨስ ተማሪ! ፀጋ በኩሽና በር እያየችው በሆዷ ትስቃለች። ከወጡም ከቡናውም ጨው ቀነሰችለት፤ እሱም ሳያጉረመርም በላ፣ ጠጣ።

ሳቋ የቆመው አንድ ቅዳሜ ጎረቤታቸው ሲራክ ራሱን በሻርፕ አስሮ የመጣ ጊዜ ነው።

"ራሴን ወጥሮ ይዞኛል፤ ግድ የለም" አለ ሲራክ። "አንተ ከመሰከርክ ወዲህ እኔም የግፊቱን ኪኒን ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ለአንተ ያደረገ ጌታ ለእኔ አይነሳኝም።"

ሙሉካ ደነገጠ። "ሲራክ፣ ተው! ዛሬውኑ ሄደህ ተለካ።"

ሲራክ ሳቀ። "እምነቴን ልትፈትን ነው አይደል? በሰው ሁሉ ፊት ያልከውን ሰምቻለሁ።" የሻርፑን ቋጠሮ አጥብቆ ወጣ።

ፀጋ ባሏን አየችው። ይህ ሰው የአደባባይ ቃሉን ከሚያጥፍ ቀኝ እጁን ቢቆርጡት ይመርጣል። ዝም ካለ ግን ሲራክ አንድ ቀን መውደቁ ነው። ፈራች።

በማግስቱ ሙሉካ መድረክ ላይ ወጣ።

"ወገኖች፣ ያን ጊዜ የመሰከርኩት ተሳስቼ ነው። ጌታ የረዳኝ በመድኃኒቱ ነበር፤ እኔ ግን ቸኩዬ መድኃኒቱን ተውኩት። ግፊቴ ተመልሷል። አፍሬ ተደብቄ ስውጥ ከርሜአለሁ። ከዛሬ ወዲያ አልደበቅም። በእኔ ቃል ኪኒኑን የተወ ካለ፣ በእኔው ቃል ይመለስ።"

ከኪሱ ኪኒን አውጥቶ አፉ ውስጥ ጨመረ።

አሜን ይባል አይባል፣ ከጉባኤው ማን ይወቀው? ሙሉካ ደግሞ ውኃ መያዝ ረስቷል፤ ኪኒኑ ምላሱ ላይ እየመረረው ቆሞ ቀረ። ፀጋ ያን ሁሉ ዓመት አብራው ስትኖር እንደዚያች ሰዓት ኮርታበት አታውቅም።

ሲራክ ከመሐል ተነሣ። ለሰባኪው የተቀመጠውን የውኃ ጠርሙስ ከፍቶ ሰጠው።

"አትጨርሰው" አለው፣ ሁሉም እየሰማ። "ከዚህ ወጥተን ጤና ጣቢያ ትወስደኛለህ። ለእኔም አስተርፍልኝ።"

ያኔ ፀጋ እልል አለች።