የግሌኒስ አሥር ቀጠሮዎች

ማክሰኞ፣ ጁን 4 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ግሌኒስ የሟች ወንድሟን ሚስት ሜርልን ልትጠይቅ መጥታ የምሥራች አወራች። የቤተሰብ ሐኪማቸው የአእምሮ ጤና ሕክምና እቅድ ጽፎላት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ በዓመት አሥር ጊዜ እንድትሄድ ተፈቅዶላታል፤ አብዛኛውንም ክፍያ መንግሥት ይሸፍንላታል።

«አንድ ጊዜ ሄጄ አለቀስኩና ቅልል አለኝ፣ ሜርል።»

ሜርል አንጀቷ አረረ። ከባሏ ከኬልቪን ጋር አርባ አንድ ዓመት የኖረችው እሷ፣ ዓይኑን የከደነችው እሷ! ግሌኒስማ ወንድሟን የምታየው ለገና ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሜርል ሐኪሙ ፊት ቁጭ አለች። «ለእሷ አሥር፣ ለእኔ ባዶ? እኔ አልሞተብኝም?»

«የሌላ ሰው ጉዳይ አላወራም» አላት ዶክተር ፓቲራና። «እርስዎን ግን ከቀብሩ ወዲህ ሦስቴ እንዴት ነዎት ብያለሁ። ምን አሉኝ?»

«ምንም አይል፣ ደህና ነኝ አልኩ። ታዲያ ምን ልበል? እዚህ አገር ሰው እየሞተም የሚለው ይህንኑ ነው!»

«አሁንስ እንዴት ነዎት?»

«ደህ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። «አልጋችን ላይ መተኛት አቅቶኛል። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ሶፋ ላይ ነው የማድረው።»

ሐኪሙ ዝርዝሩን ጠይቋት እቅዱን ሲጽፍ፣ «ግሌኒስ ከምትሄድባት ሌላ ባለሙያ ይሁንልኝ» ብላ ለመነችው።

በከተማው ግን ባለሙያዋ አንዲት ብቻ ነበረች። ሜርል ተራዋን ዘጠኝ ሳምንት ጠብቃ ወደዚያችው ወደ ግሌኒስ ባለሙያ ሄደች።