የአሜናን ጣውንት

አሜናን ጣውንቷን ወዳት አታውቅም። ማንስ ጣውንቱን ይወዳል? ጣውንቲቱ የእንጨት ስትሆን ደግሞ ይብሳል፤ ብትሰድቧት አትመልስ፣ ብታኮርፏት ደንታ አይሰጣት።

በእኛ አገር እምነት ሰው ሁሉ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ በወዲያኛው ዓለም የትዳር ጓደኛውን ጥሎ ነው የሚመጣው። የአሜናን ባል ንድሪ እዚያ የተዋት ሚስት ግን ቅናተኛ ሆነችና እርሻውንም እንቅልፉንም አበላሸችበት። የመንደሩ አዋቂ «አስቀርፀህ ቤትህ አስቀምጣት» አለው። ጎረቤታቸው ካንጋ ከእንጨት ጠረባት፤ አንገቷ ረጅም፣ ፀጉሯ የተጎነጎነ፣ ወገቧ ላይ ነጭ ጨርቅ። ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንድ ሌሊት ባልየው የእሷ ነው። አሜናን ምንጣፏን ይዛ ማድቤት ታድራለች። ቦዬና እንቁላል ቀቅላ የምታቀርብላትስ ማን ሆነችና? ራሷ አሜናን! «ብይ እንግዲህ አንቺ አንገተ ረጅም፤ ሠርተሽ አታውቂ!» እያለች።

አንድ ቀን ሰው ሁሉ እርሻ በወረደበት ሌባ ገብቶ ይዟት ሄደ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ንድሪ እህል አልረጋለት፣ ዓይኑ አልከደን አለ። ካንጋ ሌላ ይጥረብለት ቢባል አዋቂው ራሱን ነቀነቀ። «ያችኛዋ እያለች ሌላ አይጠረብም። ወይ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ወይ እሱን ወደ ራሷ ትጠራዋለች» አለ። አሜናንም ዕድሜዋን ሙሉ ስታማት የኖረችውን ሴት ገበያ ለገበያ ስትፈልግ ከረመች።

ያገኘቻት ግን ቡዋኬ ከተማ አስተማሪ የሆነችው የእህቷ ልጅ አኪሲ ናት። አንድ ቀን ቁና ቁና እየተነፈሰች መጣችና «አክስቴ፣ ጣውንትሽን ግድግዳ ላይ ለጥፈዋታል!» አለቻት። እውነትም በከተማው አዳራሽ የአንድ ታላቅ የተባለ ፈረንጅ ቀራፂ ትርዒት ተከፍቷል። ማስታወቂያው ላይ የንድሪ የእንጨት ሚስት ፎቶ አለ።

አዳራሹ ውስጥ ሰው የሚያካክሉ የነሐስ ሴቶች ተገትረዋል። የሁሉም አንገት የእሷ፣ የሁሉም ፀጉር የእሷ ነው። መሐል ላይ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ራሷ ቆማለች። የተቀባችውን ዘይት ጠርገው አድርቀዋታል። ጨርቋንም ገፈዋታል። የሰው ሚስት ራቁቷን! አኪሲ ከሥሯ የተጻፈውን አነበበችላት፦ «የመራባት አምላክ። ቀራፂው አይታወቅም።»

«ምን?» አለች አሜናን። «እቺ ናት አምላክ? እቺ ቅናተኛ? ወልዳ ታውቃለች? አስወልዳስ ታውቃለች? ቀራፂው አይታወቅም ይላሉ ደግሞ! ካንጋ ይኸው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የኮላ ፍሬውን እያኘከ ነው፤ ሂዱና ጠይቁት!»

ፈረንጁ ራሱ እዚያው ነበር፤ ሽበታም፣ ሳቂታ ሰው። አኪሲ ስትተረጉምለት ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ከጎኔ ተለይታ አታውቅም። ይህን ሁሉ ያሠራችኝ እሷ ናት» አለ።

አሜናን እጇን አጨበጨበች። «ሰማችሁ? ራሱ አመነ! የሰው ሚስት ቤቱ ማስቀመጡን! እኛ ጋ እኮ የሰው ሚስት የደፈረ በግ እየጎተተ መጥቶ ባልየው እግር ላይ ይወድቃል። በጉ የታለ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከረባት ያሰረ አንድ የአገራችን ባለሥልጣን ተጠግቶ «እማማ፣ እባክዎ በእንግዳ ፊት አያሳፍሩን። ሰውየው ገዝቶ ነው፣ ወረቀት አለው» አላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ።

«ከማን ነው የገዛት? ባሏ ሸጧታል? እኔ ሸጫታለሁ? በእሷ እጦት ባሌ እየሞተብኝ ነው!»

ፈረንጁ ያዘነ መሰለ። ከነሐሶቹ ትንሿን አንስቶ «ይህችን ለባለቤትሽ ስጪልኝ» አለ።

«ሌላ ሴት ልትጨምርብኝ? አንዷን መቼ ቻልኩና!»

እንደማይሰጧት ሲገባት ግን ፊቷ ተለዋወጠ። ጣውንቷን አየቻት፤ ዘይት የሌላት፣ ጨርቅ የሌላት፣ በባዕድ መሐል የተገተረች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንጀቷን በላቻት። የራሷን ሻሽ ፈታች፣ ሳጥኑን ሸፈነችበት፣ ከፊት ለፊት ድርብ አድርጋ ቋጠረችው። «ባሏ እስኪመጣ ማንም አያያትም!» ብላ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች። ከዚያ ጮኸች። ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ ጮኸች። ጠባቂዎቹ ብብትና ብብቷን ይዘው ሲያወጧት እንኳ ትጮህ ነበር። ፈረንጁ ጥግ ቆሞ በእርሳስ ይሞነጫጭራል፤ ይህን ልብ ያለችው አኪሲ ብቻ ናት።

በማግስቱ አሜናን ንድሪን ደግፋ ወደ አዳራሹ አመጣችው። ትርዒቱ ተጭኖ ሄዷል፤ ሻሿም አብሮ። ንድሪ ባዶውን ወለል አየና «በቃ፣ እኔው እሄድላታለሁ» አለ። አዲሱ ቦዬ ሳይደርስ ቀበርነው።

በዓመቱ አኪሲ ጋዜጣ ይዛ መጣች። ፈረንጁ አዲስ ሥራ አውጥቶ በአገሩ ሰው ተሰልፎ ያየዋል አሉ። ከራሷ እስከ እግሯ በጨርቅ የተሸፈነች የነሐስ ሴት ናት፤ ከፊት ለፊት ድርብ ቋጠሮ አላት። ዓይን ያወጣ!

አሜናን ጣቷን ፎቶው ውስጥ ባለው ቋጠሮ ላይ አሳረፈች። «ሻሼ ነው። ምን ብሎ ሰየማት?»

አኪሲ አንገቷን ደፋች። «'ዝምታ' ነው የሚለው፣ አክስቴ።»

«ዝምታ?» አለች አሜናን። «ዝምታ! ያን ቀን ሙሉ የጮህኩት ታዲያ ለማን ኖሯል?»