የውሰት ሶፋ

ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ የረሳ ካለም ጎረቤታችን ሶሊያና በየሳምንቱ ታስታውሰዋለች።

እትዬ ዳሲቱ ጎረቤቴ ናት። አቃቂ በሰቃ ውስጥ የኔ ሱቅና የእሷ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ግድግዳ ይጋራሉ። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ልጅ የላትም። ወፍጮ ቤት ጤፍ ታበጥራለች፣ ስንዴ ትለቅማለች። ሥራ ያለ ቀን ትበላለች፣ የሌለ ቀን በሯን ዘግታ ትተኛለች። ብትጠይቋት ግን "ቁርሴን በልቼ ነው ጋደም ያልኩት" ትላለች። ኩራቷ አንዳንዴ ያበግነኛል። አባቷ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበትን የገላን መሬት ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ ነበሩ፤ ከቤታቸው እንግዳ ሳይበላ ወጥቶ አያውቅም ይባላል። እሷም ያንኑ ወግ ይዛ ቀረች፣ እርሻው ግን የለም።

አንገቷ ላይ ያለውን እንቅርት ሁለት ዓመት ሙሉ በነጠላ ሸፍና ኖረች። ዘንድሮ ምግብ መዋጥ አቃታት፤ ትንሽ ስትራመድ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ እብጠቱ የመተንፈሻ ቱቦዋን እየተጫነ ስለሆነ በቶሎ መውጣት አለበት አለና ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈላት። የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ ነገሩን። እሷ በሦስት ዓመት አታገኘውም፤ እኔም ሱቄን ብሸጥ እንጃ።

የቀረን የጤና መድን ብቻ ነበር። ለከፋዮች የዓመቱ ምዝገባ ከተዘጋ ሁለት ወር ሆኖታል፤ መዋጮውን እኔ ልክፈልላት ብዬ ብለምን "ለከርሞ ይምጡ" ተባልኩ። እስከ ከርሞ ድረስ ትንፋሿ ይቆይ ይሆን ብሎ የጠየቀኝ የለም። ክፍት የነበረው መክፈል የማይችሉ ሰዎች ዝርዝር ነው፣ መንግሥት የሚከፍልላቸው። ለዚያ ደግሞ የወረዳው ኮሚቴ ቤት ድረስ መጥቶ፣ ኑሮን አይቶ፣ ገቢን ጠይቆ ይወስናል።

"ሐሙስ ጠዋት ይመጣሉ" አለችኝ እትዬ ዳሲቱ።

እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ቤቷን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። አንድ አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ ሣጥን።

"ከወረዳ የሚመጡትን ሰዎች እዚህ ልታስቀምጪያቸው ነው?" አልኳት።

"እኔስ እሱን አይደል የማስበው" አለችኝ።

የኛ ሰፈር ልማድ እንዲህ ነው። ሽማግሌ ሊመጣ ነው ሲባል፣ አማች ሊመጣ ነው ሲባል፣ ከየቤቱ ብርጭቆው፣ ምንጣፉ፣ ወንበሩ ይሰባሰባል። ማንም ለምን አይልም፤ ነገ የእሱም ተራ ነው። እኛም ሰዎቹ የሚመጡት ድህነቷን ሊያዩ መሆኑ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለንም። እንግዳ እንግዳ ነው፣ አለቀ።

ምንጣፉን እኔ አመጣሁ፤ አዲሱን ቴርሞስና ስድስት ስኒም ጨመርኩ። ሶሊያና ከፊት ለፊት ቤት ቴሌቪዥኗን ተሸክማ መጣች። በእትዬ ዳሲቱ ቤት ሶኬት ስለሌለ ገመዱን ከአልጋው ስር ደበቅነው። አናጺው ሮሪሳ ደግሞ ለደንበኛ የሠራውን፣ ፕላስቲኩ ያልተነሳለትን ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ከወርክሾፑ አሸክሞ አመጣው። በበሩ አልገባ ቢል በሩን ነቀለው። ስንጨርስ እጃችንን ወገባችን ላይ አድርገን አየነው። ኮራን። በጣም ኮራን!

ከኮሚቴው ተልካ የመጣችው ሚራክል የምትባል ወጣት ሠራተኛ ናት፣ ታብሌት ይዛ። ሶፋው ላይ ስትቀመጥ ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ዓይኗ ከምንጣፉ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ።

"እማማ፣ ኑሮ እንዴት ነው?" አለች።

"ተመስገን ነው ልጄ። ምን ይጎድልብኛል?" አለች እትዬ ዳሲቱ።

ምን ትበል? እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ የሚመለሰው እንዲህ ነው። ሚራክል ግን የሰማችውን ጻፈች፣ ያየችውንም ጻፈች፣ ሻይዋን አመስግና ጠጥታ ሄደች። እኛም እንግዳ በክብር ሸኘን ብለን ተጨባበጥን።

በሳምንቱ ዝርዝሩ የወረዳው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሶሊያና በስልኳ አንስታ አመጣችልኝ። ፊቷ ልክ አልነበረም።

"ዙሌ፣ ተበልተናል" አለች።

"ዳሲቱ" ከሚለው ስም ፊት "መክፈል የሚችል" ይላል። ሱቄ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ ነበር፤ ስኳሩን ከነማንኪያው ጣልኩት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በገዛ እጄ፣ በገዛ ምንጣፌ ነው ዕድሏን የዘጋሁባት። አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ። ንዴቱ ይሻለኛል፤ ስናደድ ሥራ የምሠራ ሴት ነኝ።

ቅሬታ የሚሰማው ቅዳሜ ጠዋት በወረዳው አዳራሽ ነበር። እትዬ ዳሲቱን "ነይ" ስላት "ሰው ፊት ቆሜ የለኝም አልልም" አለች። "ዝም ብለሽ ቁጭ በይ፣ የምናገረው እኔ ነኝ" ብዬ ይዣት ሄድኩ።

ሰብሳቢው ኦቦ ቢራ ናቸው፣ የሰፈሩ የተከበሩ ሽማግሌ። ተራችን ሲደርስ ተነስቼ ጮህኩ። ምንጣፉ የኔ ነው፣ ስኒው የኔ ነው፣ ሴትየዋ ምንም የላትም! ሶሊያና ተነስታ ቴሌቪዥኑ የእሷ መሆኑን በግዢ ደረሰኙ አሳየች። ሮሪሳም አንገቱን እየነካካ ተነሳ።

"ሶፋውም የኔ ነው፤ ማለቴ... የደንበኛ ነው" አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ብድግ አለ። ጨርቅ ነጋዴው ሙህሲን ነበር።

"የኔ ሶፋ ነው?! ለልጄ ሰርግ ያዘዝኩት? አንተ ቫርኒሹ አልደረቀም አላልከኝም?"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ኦቦ ቢራ ጠረጴዛውን በእጃቸው መቱ። ሚራክል ግን አልሳቀችም።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አለች፣ በትህትና ነው። "በየቤቱ ያየሁት ሁሉ ቅሬታ ሲመጣ የጎረቤት ነው ይባላል። ትናንት ፍሪጁን ሳይቀር የውሰት ነው ያለኝ ሰው አለ። እማማ ራሳቸው ደግሞ ምን ይጎድልብኛል ብለውኛል። ጎረቤት ስለመሰከረ ብቻ ብቀይር ነገ ሁሉም ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። በእውነት የሌለው ሰው ቦታ ያጣል።"

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ልጅቷ እውነቷን ነበር፤ እሱ ነው ያቃጠለኝ።

ያኔ አጠገቤ ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። እትዬ ዳሲቱ ቆማለች። ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ቀስ ብላ አወረደችው። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ እንኳ ደህና አድርጌ ያላየሁትን እብጠት አዳራሹ ሁሉ አየው።

"ልጄ" አለቻት ሚራክልን፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። "ሶፋው የኔ አይደለም። ምንጣፉም የኔ አይደለም። የኔ ይሄ ነው።" አንገቷን ነካች። "ምን ይጎድልብኛል ያልኩሽ እንደዚያ ስለሚባል ነው። ይጎድለኛል። ብዙ ነገር ይጎድለኛል። ሰው ፊት ይሄን ማለት ያሳፍረኛል፣ አሁንም እያፈርኩ ነው። ግን መሞት አልፈልግም። ቤቴ ክፍት ነው። ነገ አትበይኝ፤ አሁን ተነሺና እንሂድ።"

ሚራክል ኦቦ ቢራን አየቻቸው። ኦቦ ቢራ ከዘራቸውን አነሱ።

ወጣን። ኮሚቴው ከፊት፣ አዳራሹ ከኋላ፣ ሙህሲንም እያጉረመረመ ከመሃል። ባጃጆች ቆመው ያዩናል፤ አንዱ ሾፌር "ምንድን ነው፣ ሰርግ ነው?" አለን። እትዬ ዳሲቱ በየሃምሳው እርምጃ እየቆመች ትተነፍሳለች፣ ትደገፍ ሲባል እምቢ ትላለች። ማንም ቀድሟት አልሄደም።

ቤቱ ስንደርስ ያው ነው። አልጋው፣ በርጩማው፣ ሣጥኑ። ሶፋው የነበረበት መሬት ባዶ ነው። በርጩማውን ለሚራክል ጠረግ ጠረግ አድርጋ ሰጠቻት፣ ኦቦ ቢራን አልጋው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ከጄሪካኑ ውሃ ቀድታ አመጣች።

"ኩባያው አንድ ነው፤ ተቀባበሉ" አለች።

ተቀባበሉ። ኦቦ ቢራ ጠጡ፣ ሚራክል ጠጣች፣ በር ላይ እስከቆሙት ድረስ ደረሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ መስተንግዶ አላየሁም። እኔ ምንጣፍ ተሸክሜ ያቃተኝን ክብር እሷ በአንድ ኩባያ ውሃ አደረገችው።

ሚራክል ታብሌቷን ከፍታ ቅጹን እንደ አዲስ ጀመረች። ስንት ቀን ትሠራለች፣ በቀን ስንት ታገኛለች፣ የሚረዳት ዘመድ አለ ወይ። እትዬ ዳሲቱ ሁሉንም መለሰች፣ ሳትደባብቅ።

"ትናንት ምን በሉ እማማ?"

"ትናንት ሥራ አልነበረም።"

ሚራክል ያንንም ጻፈች።

ኦቦ ቢራ ተነስተው በሩ ላይ ቆሙና ውጭ ያለውን ሰው "ይህች ሴት መክፈል ትችላለች የሚል ካለ አሁን ይናገር" አሉ።

ማን ቢናገር ጥሩ ነው? ሙህሲን።

"አትችልም!" ብሎ ጮኸ፣ እንደተናደደ። "አትችልም ጻፉ! ምን ትጠብቃላችሁ?"

ሚራክል ስሟን ወደ ሌላኛው ዝርዝር አዛወረች፤ ኦቦ ቢራና ሁለቱ የኮሚቴው አባላት እዚያው ፈረሙ። እልል አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪላጥ። ሶሊያና ተቀበለችኝ። ሮሪሳ ያገኘውን ሰው ሁሉ አቀፈ፣ ሙህሲንን ጭምር፤ ሙህሲንም ታቅፎ እያለ ቫርኒሹን ጠየቀው። ደስታ እንደዚያ ቀን አናቴ ላይ ወጥቶብኝ አያውቅም።

የመድን ደብተሯ ተሰጣት። በሦስተኛው ሳምንት ሆስፒታል ገባች። ክፍያ ክፍል ስንደርስ ደብተሩን በመስኮቱ ሰጠሁ፤ ልጁ አየው፣ ማህተም መታ፣ "ግቡ" አለ። ይኸው ነው። ለዚያች ቃል ነበር ያ ሁሉ።

ቀዶ ሕክምናው ረጅም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን፤ አግዳሚው በሌሎች ተይዟል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን በሩ ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች።

"የዳሲቱ ቤተሰብ!"

"አቤት!" አልን። እኔ፣ ሶሊያና፣ ሮሪሳ፣ ኦቦ ቢራ፣ ሙህሲንና ሚስቱ፣ የወፍጮ ቤቱ ሴቶች፣ አሥራ አንድ ሰው።

ነርሷ ተራ በተራ አየችን። "ሁላችሁም?"

"ሁላችንም" አልኳት።

"እብጠቱ በሰላም ወጥቷል። ነቅታለች፤ ድምጿም ደህና ነው" አለች፣ ፈገግ እያለች። "ሰዎችሽ ውጭ እየጠበቁሽ ነው ስላት ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? 'ቆመው እንዳይሆን፤ ወንበር ስጪልኝ።'"