ከሰላምታው በኋላ

በ1980 ዓ.ም. ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ውስጥ አንዲት ኮምፒዩተር ነበረች፤ ባለሟሏ ደግሞ እኔ ሂርጳ። በድርቁ ጊዜ በሰፈራ የተለያዩ ቤተሰቦችን እናፈላልግ ነበር። ፈላጊው መጥቶ መልእክቱን በቃሉ ይናገራል፣ እኔ በፈረንጅ ፊደል እመታለሁ፣ የታተመው ሐሙስ ሐሙስ በሬዲዮ ሰፋሪዎቹ ወዳሉበት ወደ መቱ ይነበባል። መቱ ያለው ሰውም ከሃያ የሰፈራ መንደሮች የተሰበሰበውን መልስ ያነብልናል፤ ካነበበ በኋላ ወረቀቱን አያስቀምጥም። ያንንም እየሰማሁ እመታለሁ። ፕሮግራሙን ሲ በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ኩራቴም ለከት አልነበረውም።

እማማ ድንቅነሽ ከወረኢሉ መጥተው አብነት ሰፈር የእህታቸው ልጅ ዘንድ አርፈው ነበር። የሚፈልጉት አንድ ልጃቸውን ደጉን ነው፤ በ77 በመኪና ተጭኖ ከሄደ ወዲህ አላዩትም። በሁለተኛው ሐሙስ ደጉ መለሰ። በሕይወት አለ። እማማ ድንቅነሽ ቢሮውን በእልልታ አናወጡት። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተንጠለጠለ፤ እሳቸው ሰላምታ ይልካሉ፣ እሱ ሰላምታ ይመልሳል፣ የትኛው መንደር እንዳለ ግን ትንፍሽ አይልም። በሦስተኛው መልስ ፊታቸው ጠቆረ።

ማክሰኞ ጠዋት ሊሰናበቱኝ መጡ። ቅዳሜ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ቆርጠዋል።

«ልጄ እንዳገኘው አልፈለገም» አሉኝ። «ቢፈልግ ያለበትን ይነግረኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ለመንኩት።»

እኔ እንዲህ ያለ ልመና አላስታውስም። የላክንለትን አውጥቼ አነበብኩላቸው። እንደምን ከርመሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ አክስትህ ደህና ናት፣ ጊደሯ ወልዳለች፣ የጎረቤቱ ሰው ሁሉ ሰላም ብሎሃል፣ የክርስትና አባትህም፤ እዚያ ላይ ወረቀቱ አለቀ። ቀጥል አሉኝ። ሌላ የለም አልኳቸው።

«እንዴት የለም? የት መንደር ነህ፣ ልምጣ ወይ ያልኩትስ?»

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፕሮግራሙን ስጽፍ ለአንድ መልእክት የሁለት መቶ ሃምሳ ፊደል ቦታ ለክቼ ነበር፤ ከዚያ ያለፈውን ማሽኗ ድምፅ ሳታሰማ እንድትጥለው ያዘዝኳትም እኔው ነኝ። የምመታው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ የሚቀመጠው ግን የተለካው ብቻ ነው። ስመታ ደግሞ ፊደሉን እንጂ ነገሩን አልሰማም። የደጉ መልስ ተቆርጦ በታተመ ቁጥር የመቱን ሬዲዮ ስራገም ከረምኩ። ልኩን የወሰድኩት ከመማሪያ መጽሐፉ ምሳሌ ላይ ነው፤ የእኛ ሰው ዋናውን ጉዳይ ከሰላምታው ኋላ እንደሚያመጣ እያወቅሁ። ደብዳቤ ሲነበብ እየሰማሁ ያላደግሁ ይመስል። አፈርኩ።

አለቃዬ አቶ ተሰማ ነገሩን አቀለሉት፤ ሰላምታውን ይዝለሉትና ጉዳዩን ብቻ ይናገሩ አሉ። እማማ ድንቅነሽ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ሰላምታ የሌለው መልእክት መርዶ ነው» አሉ። «ልጄ እኔ ሞቼ ሌላ ሰው የላከበት ይመስለዋል። ደግሞስ እሱን ማን ሰላምታህን ተው ይለዋል?»

እኔ እስከ ሐሙስ እንዲታገሱኝ ለመንኳቸው።

ሺህ ፊደል ላድርገው? አንድ ሽማግሌ መጥቶ ሺህ አንድ ቢናገርስ? ለእያንዳንዱ ሰው እልፍ ቦታ ልያዝ ብል ደግሞ የማሽኗ ሜሞሪ አይችለውም። ሰው ምን ያህል እንደሚናገር አፉን ሳይከፍት ማን ያውቃል? ማክሰኞን ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩና መለካቱን ተውኩት። ፕሮግራሙ በጠባብ ቦታ ይጀምር፤ ቦታው ሲሞላ እጥፍ የሚሆን ይጠይቅ፣ የነበረውን ወደ አዲሱ ይገልብጥ፣ አሮጌውን ለማሽኗ ይመልስ፣ ይቀጥል፤ ተናጋሪው እስኪጨርስና የመጨረሻዋን ቁልፍ እስክነካ ድረስ። እህል ከትንሹ ስልቻ ወደ ትልቁ እንደሚዛወረው ማለት ነው። ረቡዕ ስሞክረው የመልእክቱ ጅራት ብቻ ታተመ። ለካ አዲሱን ቦታ ተቀብዬ የድሮውን መገልበጥ ረስቼዋለሁ። ራሴን ሰድቤ አስተካከልኩት።

ሐሙስ እማማ ድንቅነሽ ጊደሯንም ሳይተዉ ተናገሩ፤ ስምንት መቶ ፊደል አለፈ። የታተመውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩላቸው። ምንም አልጎደለም። ጉዟቸውንም በአንድ ሳምንት አራዘሙልኝ።

በቀጣዩ ሐሙስ መልሱ ሲመጣ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። የደጉ ሰላምታ አላልቅ አለ፤ ከእናቱ ነው የወረሰው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን እየሰማሁ መታሁ። ከሰላምታው በኋላ የመቱው ሰውዬ እንዲህ ሲል አነበበ፦

«እናቴ፣ የት እንዳለሽ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁሽ። ዝም ስትይኝ የተቀየምሽኝ መስሎኝ ሆዴ ባባ። ያለሁት መንደር አሥራ አንድ ነው። አግብቻለሁ፤ ሴት ልጅም ወልደናል። ስም አላወጣንላትም፤ አንቺን እየጠበቅን ነው።»

እማማ ድንቅነሽ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። እኔም አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም። እንባቸውን ጠረጉና ለቀበሌው የይለፍ ወረቀት ማመልከቻ እንድጽፍላቸው አዘዙኝ። በምን ሰላምታ ልጀምር ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ለቀበሌ ምን ሰላምታ ያስፈልገዋል?» አሉኝ። «መንደር አሥራ አንድ ልሂድ በልና ጨርስ።»